ማዶ ስትደርሺ ተጣሪ

የእኛ ቤት የተሠራው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ጥርት ባለ ጠዋት ከደጃችን ቆሞ ወደ ማዶ የሚያይ ሰው የማዶዎቹን በጎች ይለያቸዋል፤ ነጩን ከጥቁሩ፣ የሚያነክሰውን ከደኅናው። እዚያ ማዶ፣ ብቻውን ከቆመ አንድ ጥድ አጠገብ፣ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ደጃቸውን ሲጠርጉ የመጥረጊያቸው ድምፅ እኛ ዘንድ ይደርሳል ብል ያጋነንኩ አይምሰላችሁ። ነገር ግን እኚያን ባልቴት ሳም አድርጎ «እንደምን አደሩ» ለማለት የፈለገ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ቧጥጦ ጥዱ ሥር ሲደርስ ረፍዷል። ሰላምታውን መንገድ ላይ ለውጦ «እንደምን ዋሉ» ማለት ይኖርበታል።

ስለዚህ የአገሬ ሰው እግሩን ከማድከም ድምፁን ይልካል። የጠፋች ጊደር፣ የደቦ ቀን፣ የአራስ ቤት ወሬ፣ ሁሉም በገደሉ ላይ ያልፋል። አባቴ አፋፉ ላይ ቆመው እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው ይጣራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታው ይቆያል። ቆይቶ ከማዶ «ኧ…!» የሚል መልስ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ያ በመሐል ያለው ዝምታ ነበር። ድምፁ ከአባቴ አፍ ወጥቷል፤ ከማዶው ሰው ጆሮ ግን ገና አልደረሰም፤ ታዲያ አሁን የት ነው ያለው? ከወንዙ በላይ? ከአሞራዎቹ በታች? አንድ ቀን እናቴን ብጠይቃት «ይልቅ ሱፉን ዘርዝሪ» አለችኝ።

እኔ ራሴ ግን ተጣርቼ አላውቅም። በግቢያችን ጫፍ፣ ወደ ገደሉ በኩል፣ አባቴ እስከ ደረታቸው የሚደርስ የድንጋይ ካብ ክበው ነበር። ከዚያ ካብ ማለፍ ለእኔ የተከለከለ ነው። ውኃ ከምንጭ የምትቀዳው እናቴ ናት። ከብት የሚያግደው የጎረቤት ልጅ ነው። ድምፄም ቢሆን ከካቡ አልፎ እንዲሰማ እናቴ አትወድም፤ ትንሽ ከፍ አድርጌ ከሳቅሁ «እስቲ ሰው ይሰማሻል» ትለኛለች። ቢሰማኝ ምን እንደሚሆን አልገባኝም ነበር፤ ቢሆንም ቀስ በቀስ ለራሴም የማልሰማ ሆንኩ። እንግዳ ሲመጣ ስሜን ቢጠይቀኝ እናቴ ናት የምትመልሰው።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከቤት ሳይሆን ከደጅ ወሬ ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ነበሩ። ሁለቱን ኩፍኝ ወሰዳቸው። የመጀመሪያውን፣ ወንዱን፣ በክረምት ሊሻገር ሲል እዚያው ከታች ያለው ወንዝ ወሰደው። በቤታችን ስለ ወንዙ አይወራም። ክረምት ገብቶ ሲያገሣ እንኳ እናቴ አንድ ሥራ ታነሣና ታንኳኳለች፤ ገብስ ትወቅጣለች፣ ድስት ትፈገፍጋለች።

ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ አባቴ «ገና ናት» ብለው ይመልሳሉ። አሥራ አምስት ሲሆነኝም፣ አሥራ ስምንት ሲሆነኝም «ገና ናት» ነኝ። እኩዮቼ ወልደው አዝለው ሲሄዱ እኔ ከካቡ ውስጥ ሆኜ አያለሁ። አሁን ሳስበው ለትምህርት ያበቃኝ ያው ፍርሃታቸው ነው። ከቤት ካልወጣሁ፣ ካልተዳርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ፊት ለፊት ከመቀመጥ በቀር ምን ሥራ ነበረኝ? እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ መጽሐፉን አያለሁ። ፊት ለፊት ስለምቀመጥ ፊደሉን የለመድኩት ተገልብጦ ነው። አንድ ቀን አባቴ አንድ መስመር ዘለው ሲያልፉ «አባዬ፣ ይችን ዘለሉ» አልኳቸው። መጽሐፉን አዙረው ሰጡኝ። ባዞሩት ጊዜ ግን ማንበብ አቃተኝ፤ መልሼ ገልብጬ አነበብኩላቸው። በስመ አብ ብለው አማተቡ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከቤታችን የማይርቅ፣ ከአፋፉ ወዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ በር መንገዱ ከዓይን አይሰወርምና ፈቀዱልኝ። እናቴ እስክገባ ቆማ ታየኛለች። ማንበብ እችል ስለነበር ደብል እየመታሁ ሄድኩ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ሚኒስትሪ አለፍኩ። ዘጠነኛ ክፍል ግን ያለው ማዶ፣ ዘመሮ ከተማ ነው። ዘመሮ ለመሄድ ደግሞ ገደሉን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር ያስፈልጋል።

«እኔ አደርሳታለሁ» አሉ አባቴ። አደረሱኝም። ዘመሮ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤት አንድ ክፍል ተከራዩልኝ። ክፍሌ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ሰኞ ማለዳ እንወርዳለን፤ አባቴ ከፊት፣ ስንቄን ተሸክመው፣ እኔ ከኋላ። ዓርብ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ገበሬው ሁሉ እህሉን ሰብስቦ እስኪጨርስ ድረስ እንዲህ ተመላለስን። በክፍላችን አንድ ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ በዕድሜ ታናሼ ነው። አንድ ዓርብ በሩ ላይ አባቴን አየና፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ፣

«እኅቴ፣ አባትሽ ስንተኛ ክፍል ናቸው?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። መልሱ የመጣልኝ ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ነው፤ «ካንተ አንድ ክፍል ይበልጣሉ» ማለት ነበረብኝ። ዓይን አፋር ሰው ምን ጊዜም መልስ አለው፤ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው እንጂ።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት የአባቴ ጉልበት አበጠ። እናቴ የበግ ላት እያቀለጠች ብታሸው አልቀለላቸውም። እሑድ ከሰዓት አባቴ እግራቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ እናቴ ፈትሏን ሳታቋርጥ ተናገረች።

«በቃ፤ እስከዚህ ተማረች። ማንበብ እንደሆነ ታነባለች። ከዚህ ወዲያ ምን አላት?»

አባቴ ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት ነው። ማዕዘኑ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ነገር ተናገርኩ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ።»

እንዝርቷ ቆመ። «ከዚህ ከምድጃው ማዶ የተናገርሽውን ያልሰማሁ፣ ከገደሉ ማዶ አንድ ነገር ብትሆኚ በምን ልሰማሽ ነው?»

እውነቷን ነበር። አባቴ ግን ጉልበታቸውን እያሹ ጥቂት አሰቡና «ትጣራ» አሉ። «ማዶ ጥዱ ሥር ስትደርስ ትጣራ። ድምፅዋን ከሰማን ደርሳለች ማለት ነው፤ ትማር።»

«ካልሰማንስ?»

«ካልሰማን አንቺ ያልሽው ይሁን።»

እናቴ እንዝርቷን መልሳ አሾረች። እንደማልጣራ እርግጠኛ ነበረች። እኔም እርግጠኛ ነበርኩ።

ሰኞ ብቻዬን ወረድኩ። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ ሣሩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ለካ አይቼው አላውቅም፤ አይ የነበረው የአባቴን ጀርባ ነው። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ውኃ የሚንጠባጠብበት ዋሻ አለ። ከዋሻው በታች ድንጋዩ ቀለም ይለውጣል፤ ከላይ ጥቁር የነበረው ወደ ታች ቀላ እያለ ይሄዳል። ለምን? ቆሜ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ «ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ ድንጋይ መፋቅ እችል ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ከድንጋዩ ይልቅ ገረመኝ።

ወንዙ ጋ ስደርስ መሐል ላይ ካለው ድንጋይ ቆምኩ። የጥር ውኃ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ከታች ያለው ጠጠር አንድ ባንድ ይታያል። ስሙ በቤታችን የማይጠራው ይኸ ነው? በመዳፌ ጨልፌ አየሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ወንድሜን አላውቀውም። መልኩን የሚነግረኝ ሰው ኖሮ ቢሆን ምናልባት እዚያ ቆሜ አለቅስ ነበር። አላለቀስኩም፤ ስንቄን አስተካክዬ ዳገቱን ጀመርኩ።

ጥዱ ሥር ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ቤታችን ማዶ ነው፤ ካቡ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ከካቡ በላይ ሁለት ነጥብ ይታያል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተቀምጧል። እናትና አባቴ ናቸው። እየጠበቁኝ ነው።

ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ከዚያ አፌን ከፈትኩ። «አባዬ» አልኩ። ጥዱ ላይ የነበረችው ወፍ እንኳ ቀና አላለችም። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። ወፏ ላባዋን ማበጠር ቀጠለች። ማዶ የቆመችው ነጥብ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ቤት ልትገባ መሰለኝ። «አልተጣራችም፤ በቃ» ልትል ነው። መጽሐፎቼ፣ ዘመሮ ያለችው ክፍሌ፣ ገና ያላነበብኩት ሁሉ በዓይኔ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩና ያለኝን ሁሉ ለቀቅሁት።

የወጣው ነገር ቃል አልነበረውም። ቀጭን፣ ረዥም፣ የማያቋርጥ ነገር ነው። ከእኔ መውጣቱን ያወቅሁት ጉሮሮዬን ሲያመኝ ነው። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም ገደል ከዚያ ተቀብሎ መለሰው። ወፏ የት እንደገባች አላውቅም።

በእኛ አገር ሴት እንዲህ ያለ ቃል የሌለው ቀጭን ድምፅ የምታወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እሪታ ይባላል። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል፣ ውኃ ሰው ሲወስድ። እሪታ የሰማ ወንድ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ይህንን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ጉሮሮዬ ግን ከዚያ በፊት ተጣርቶ ስለማያውቅ የመጥሪያውንና የእሪታውን መንገድ አልለየም።

መጀመሪያ ውሾቹ ጮኹ። ቀጥሎ ከበላዬ ካለው አውድማ «ኧረ ምንድን ነው!» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። ከወዲያኛው ጉብታ ሌላ፦ «ወንዙ ጋ ነው! ወንዙ ጋ!» የመውቂያ ወቅት ነበርና ሰዎቹ መንሻቸውን እንደያዙ፣ በሬዎቻቸውን አውድማ ላይ እንደተዉ፣ ከየጉብታው ቁልቁል መንደርደር ጀመሩ። እኔ ጥዱ ሥር ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዳቸውም ወደ እኔ አልመጡም። ሁሉም በአጠገቤ እያለፉ ወደ ወንዙ ነው የሚወርዱት። ለምን ወደ ወንዙ? በዚያ ሁሉ ኀፍረት መካከል ይኸ ጥያቄ አልለቀቀኝም።

ባልቴቷ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ወጡ። ክንዴን አፈፍ አደረጉኝ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ነው የጮኸው?»

«እኔ።»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ!»

«ደረስኩ።»

«ምን?»

«ደርሻለሁ ልል ነበር፣ እትዬ። ለአባቴ።»

ባልቴቷ አዩኝ፤ ማዶ ያለውን ቤታችንን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። ከዚያ አፋፉ ላይ ቆመው ወፍራምና ዝግ ባለ ድምፅ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ደኅና ነው! ደኅና ናት፣ ተመለሱ!» ብለው ተጣሩ። እንዲህ ነው ለካ የሚጣሩት አልኩ በልቤ።

ሰዎቹ እያለከለኩ ተመልሰው ወጡ። ከፊት የነበረው መንሹን ተመርኩዞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ጅብ ነው?»

«በጠራራ ፀሐይ ምን ጅብ አለ፣ አንተ ደግሞ!» አለው ከኋላው ያለው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ልጅቱ ደርሳለች» አሉ ባልቴቷ።

«የት ነው የደረሰችው?»

«እዚህ።»

ሰውዬው ጥዱን ወደ ላይ አየ፤ እኔን አየ፤ ጓደኞቹን አየ። «እሰይ!» አለ። «እንግዲያው እኛም ደርሰናል!»

ሳቁ። አንዱ በሬዎቹ እሱ እስኪመለስ ገብሱን ጨርሰው ተኝተው እንደሚጠብቁት ተናገረ፤ እንደገና ሳቁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አንድ አረጋዊ ግን አልሳቁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይመለከቱኛል።

«የዚያ ማዶ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«የእናትሽ ድምፅ መስሎኝ እኮ ነው» አሉኝ።

ሳቁ ጸጥ አለ። «እኔም» አለ መንሽ የያዘው። «ቁርጥ የሷን ነው። ለዚያ ነው ወንዙ ጋ የወረድነው።»

እናቴ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከዚያው ወንዝ ሰምተውት እስከዛሬ አልረሱትም። ያን ጊዜ ነው ማዶ ያሉትን ነጥቦች ያስታወስኳቸው። ዞር ብዬ ሳይ ካቡ ላይ ማንም የለም። አንዷ ነጥብ ቁልቁለቱ መካከል ደርሳለች፤ ሌላኛው በዝግታ ከላይ ይከተላታል። ባልቴቷ «ደኅና ናት!» እያሉ ቢጣሩም እናቴ አልሰማችም፤ ትሮጥ ነበር። ስንቄን ጥዬ ወደ ታች ወረድኩ።

ወንዙ መሐል ተገናኘን። ነጠላዋ የት እንደወደቀ እንጃ። ራሴን ዳበሰች፣ ክንዶቼን ዳበሰች፣ ልብሴ እርጥብ መሆኑን ለማየት ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው።

«ምን ነካሽ? ምን አገኘሽ?»

«ተጣራሁ፣ እማዬ።»

«እንዲህ ነው መጣራት?»

«አላውቅማ። አስተምረሽኝ አታውቂም።»

ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ሁለታችንም ደነገጥን። እናቴ ወደ ታች አየች። ውኃው ውስጥ ቆማ ነበር። ወንድሜ ከተወሰደበት ቀን በኋላ ይህን ወንዝ ረግጣው አታውቅም ነበር። እግሯን አላነሣችም፤ ዝም ብላ ጠጠሩን ትመለከታለች፤ እኔ ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዳየሁት።

ቀና ስትል ከኋላዬ ዳገቱ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች አየች፤ መንሽ የያዘውን፣ በትር የያዘውን፣ ተቀምጠው ላባቸውን የሚጠርጉትን አረጋዊ።

«እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?»

«ስጮኽ መጡ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሳቸውም? ከዚያ ከላይኛው አውድማ?»

«ምነው፣ ልንቀመጥ ኖሯል?» አላት መንሽ የያዘው ሰው ከላይ ሆኖ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበረበት።

አባቴ እያነከሱ ደርሰው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ይዘው ተነፈሱ። ከዚያ አባቴ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ፣

«እንግዲህ ድምፅዋን ሰምተናል» አሉ።

«ምን?» አለች እናቴ።

«ከሰማን ትሄዳለች ብያለሁ። አልሰማሁም ልል ነው? የዘመሮ ሰው ሁሉ ሰምቶ እኔ አልሰማሁም ልል?»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። አጭር ሳቅ። ወዲያው አፏን በእጅዋ ሸፈነች። እኔ ዳገቱን መልሼ ወጣሁ፤ ስንቄን ባልቴቷ ይዘውልኝ ነበር። የዚያን ቀን ክፍል ዘግይቼ ገባሁ።

ቅዳሜ እናቴ ካቡ ጋ ጠራችኝ። እንዝርቷን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። «ነይ ቁሚ» አለችኝ። «በወፍራሙ ጀምሪ። በቀጭኑ ከጀመርሽ አገር ይነሣብሻል፤ አይተሻል። የምትጠሪውን ስም ጎትቺ፤ ወሬውን ቁረጪ። ነፋስ ሲመጣ አትጣይው፤ ትንፋሽ እስኪወስድ ጠብቂው።» ቆም ብላ ጨመረች፦ «ጠርተሽ ደግሞ ዝም በይ። ደርሶ እስኪመለስ።»

«በመሐል የት ነው የሚቆየው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

በዚህ ጊዜ ሱፍ ዘርዝሪ አላለችኝም። «እኔ እንጃ» አለች። «እኔም ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር።» ከዚያ እጅዋን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ባልቴቷን ጠራቻቸው። ወፍራም፣ የተጎተተ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ ሃያ ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ አላውቀውም። ዝም አልን። ማዶ የመጥረጊያው ድምፅ ተቋረጠ። ቆይቶ መልስ መጣ።

«አንቺ ነሽ?… ኧረ ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!»

እናቴ እንዝርቷን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት፣ ሱፍ እየፈተለች ሳለ በድንገት ቀና ትልና «ያ የላይኛው አውድማ ሽማግሌም ሮጡ?» ትለኛለች። «ሮጡ» እላታለሁ። «በዚያ ዕድሜ!» ትላለች፤ መልሳ ትፈትላለች። መልሱን ስታውቀው ለምን ደጋግማ እንደምትጠይቀኝ ይገርመኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በእኔና በገደሉ መካከል ያለችው እሷ ብቻ መስሏት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ከጥዱ ሥር እጣራለሁ። እየቆየሁ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ድምፄ እንደ ተወረወረ ጠጠር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ረፈድ ሲል ነፋሱ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ጉም ሲኖር ግን ማዶ ሳይታየኝ መልሱ ከአጠገቤ ያለ ሰው የተናገረ ያህል ቀርቦ ይመጣል። ለምን እንደሆነ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁ፤ እጄን አውጥቼ፣ ተነሥቼ ቆሜ። ያ ቀልደኛ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ዕረፍት ላይ መጣና፣

«እኅቴ፣ ዛሬስ ደርሰሻል?» አለኝ። ወሬው ዘመሮ ከደረሰ ቆይቷል።

«ደርሻለሁ» አልኩት። «አንተስ መቼ ነው የምትደርሰው?»

በዚህ ጊዜ መልሱ ሰውዬው ሳይሄድ መጣ።

በዓመቱ፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ በግንቦት ነው። ሰኞ ከሰዓት ፈተና ነበረብኝ። ዳገቱን ስወጣ በልቤ የማጠናውን እየደጋገምኩ ነበር፤ ጥዱን አልፌ፣ ዘመሮ ገብቼ፣ የፈተናው ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ነው አለመጣራቴ ትዝ ያለኝ። አባቴ በዚያ ጉልበታቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ታየኝ፤ እናቴ ውኃው ውስጥ ቆማ ታየችኝ። ፈተናውን እንዴት እንደሠራሁት አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ በሩን በሩን አየሁ። ማንም አልመጣም። ገበያ የመጣ የአገራችን ሰው አግኝቼ ስለ ቤት ብጠይቀው «ደኅና ናቸው፣ ምን ይሆናሉ» አለኝ።

ዓርብ እየሮጥኩ ወረድኩ፤ እየሮጥኩ ወጣሁ። እናቴ ካቡ ጋ ተቀምጣ ትፈትላለች። አባቴ በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ዘርግተዋል።

«እማዬ፣ ሰኞ ዕለት…» አልኩ፤ ትንፋሼ ገና አልተመለሰም።

«ሰኞማ ጥርት ብሎ ነው የደረሰን» አለች ከእንዝርቷ ዓይኗን ሳትነቅል። «ድምፅሽ ወፍሯል።»

አባቴን አየኋቸው። አንብበው ያልጨረሱትን ገጽ ገለጡ።

እኔ ነገር ሳላጣራ የማላልፍ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህንን ይነግራችኋል። ይህንን ግን እስከዛሬ አልጠየቅሁም። የሌላ ሰው ልጅ ተጣርታ ይሆናል። እናቴም የለመደችውን ድምፅ በለመደችው ሰዓት ሰምታው ይሆናል፤ ጆሮ እንዲህ ያደርጋል ይላሉ። ወይም ምንም ሳትሰማ ቀርታ፣ ፀሐይዋን አይታ፣ እስካሁን ደርሳለች ብላ እንዝርቷን አንሥታ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው እውነት ከሆነ፣ ከሦስቱ ይበልጥ የሚገርመኝ እሱ ነው።

በተከታዩ ሰኞ ጥዱ ሥር ቆምኩ። ማዶ፣ ካቡ ላይ ነጥብ የለም። ባልቴቷ ከጀርባዬ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ከሆዴ ትንፋሽ ወሰድኩ፤ በወፍራሙ ጀምሬ፣ ጎትቼ፣ ተጣራሁ። ከዚያ ስንቄን አነሣሁና፣ ድምፄ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ወደ ዘመሮ ዞርኩ።